ሞኖፊን ምንድን ነው? ጉልበት አይደለም

«ሞኖፊን ማለት ጉልበት ነው፤ ጉልበት ያለው ይሄዳል።» ሰሞኑን ደግሞ ሰማኋት። የመጀመሪያዬ ብትሆን ዝም ባልኩ።

ሞኖፊን ሁለቱም እግሮች አብረው የሚገቡበት አንድ ሰፊ የዋና መቅዘፊያ ነው። እንደ ዓሣ ጅራት ይሉታል፤ የሐይቅ ቆሮሶ ዓሣ ግን ጅራቱን የሚያወዛውዘው ግራና ቀኝ ነው። ይሄ ላይና ታች ነው፣ እንደ ዶልፊን።

ወዳጄ፣ ጉልበት ስትል የቱን ነው? አቅምን ከሆነ፣ ኮምቦልቻ አንድ ገንዳ ውስጥ ብረት መግፋት የለመደ ጎረምሳ ሞኖፊን አጥልቆ አይቻለሁ። ታፋው የኔን ወገብ ያክላል። ሳይክል እንደሚነዳ ሰው ጉልበቱን እያጠፈ ይረግጣል። አረፋው ጉድ ነው፤ እሱ ግን እዚያው ነው። ጉልበት ሲታጠፍ ታፋ ወደ ታች ይወርድና ውሃውን ይጋፈጣል። ውሃ ደግሞ ከአየር ከ800 እጥፍ በላይ ይከብዳል። መቅዘፊያውም ውሃውን ከመግፋት ይልቅ በጠርዙ እየሰነጠቀ ያልፋል።

የቡሄን ጅራፍ አስብ። ልጁ የሚይዘው እጀታውን ነው። አዙሮ ድንገት ሲመልሰው ሞገዱ በገመዱ ይሮጥና ጫፉ ላይ ከድምፅ ፈጥኖ ይጮሃል። የዋናተኛው እጀታ ደረቱ ነው። ደረት በትንሹ ይወዛወዛል፣ ዳሌ ሰፋ አድርጎ፣ ቁርጭምጭሚት ከሁሉም በላይ። ጉልበት (መገጣጠሚያው ማለቴ ነው) ሞገዱን ያሳልፋል እንጂ አያመነጭም። ጅራፉን መሃሉ ላይ ብትቋጥረው ይጮሃል? ጀማሪው የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በእርግጥ ጅራፍ ጫፉ ይቀጥናል፣ ሞኖፊን ይሰፋል። ጅራፍ አንዴ ጮሆ ያበቃል፤ እዚህ ግን መመለሻውም ይገፋል። ጀማሪ ወደ ታች ብቻ መትቶ ወደ ላይ ያለውን በነፃ ይሰጣል።

ጉልበት ጨርሶ አይታጠፍ አላልኩም! ወደ ታች ሲመታ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይታጠፋል።

ፊዚዮቴራፒስት ነኝና ይህን ሳልል አላልፍም። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውል ሰው የላይኛው ጀርባው ይደርቃል። ሞገዱን ከወገቡ ለማውጣት ሲታገል ወገቡ ዕዳ ይከፍላል። ትንፋሽ ይዞ መጥለቅ ላይ ደግሞ «የደሴ ልጅ ትንፋሽ አያጥረውም» የሚሉ አሉ። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ መኖር ውሃ ውስጥ ራስን ከመሳት አያድንም። ከመጥለቅ በፊት ደጋግሞ በኃይል መተንፈስ ደግሞ ይብሳል፤ ተንፍስ ተንፍስ የሚለውን ስሜት ያዘገየዋል፣ ሰውየው ሳይታወቀው ራሱን ይስታል። ብቻህን አትጥለቅ።

ጎረምሳውን ሞኖፊኑን አስወልቄ፣ እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ ከደረቱ እንዲጀምር ነገርኩት። ሦስት ምት አማረበት። አራተኛው ላይ ጉልበቱ ትዝ አለው።