ክላሲክ መኪና ገዝቶ ማደስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ሞተሩ ከተነሳ ሌላው ቀላል ነው»

ተቃራኒው ነው። ሞተር ይወርዳል፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) እና ኩሽኔታው ይቀየራል፣ ይገጠማል፤ ሥራው ልክ አለው። ገንዘብ የሚበላው ላሜራው ነው። ጥፍር የምታህል የቀለም እብጠት ስትፈተግ መዳፍ የሚያሾልክ ቀዳዳ ሆና ትገኛለች። ለግዢ ስትሄዱ ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙ፤ የበሩን ደፍ፣ የጎማውን ቅስት፣ የባትሪውን መቀመጫና የፊት መስታወቱን ግርጌ አስነኩት። ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ወፍራም ስቱኮ (የላሜራ መሙያና ማለስለሻ ሊጥ) አለ። (ቦዲው አሉሚኒየም ወይም ፋይበር ከሆነ ማግኔት አይረዳም።) ከዚያ በሩን ገርበብ አድርጋችሁ ወደ ላይ አንሱት። ከተንቀጫቀጨ ማጠፊያው አልቋል፣ ያ ቀላል ነው። ሳይነቃነቅ ግን ክፍተቱ ከላይና ከታች የተለያየ ከሆነ፣ ቦዲው ራሱ ሳይጎብጥ አልቀረም።

«ለዓመታት የቆመ መኪና ባትሪ ብቻ ነው የሚፈልገው»

ብዙ ጤነኛ ሞተር የሚበላሸው ባትሪ ተገጥሞለት ሊነሳ በሚሞከርባት ቀን ነው። ፋሻው ከሲሊንደሩ ጋር በዝገት ተጣብቆ ከሆነ ሞተሪኖ (ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር) በጉልበት ሲያዞረው ይሰበራል። ካንዴላዎቹን (ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን) ፍቱ፤ በየቀዳዳው አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 5 ሚሊ ሊትር ያህል ቀጭን ዘይት ጨምሩና ቢያንስ አንድ ቀን ተዉት። ማርሽ አለመግባቱን አረጋግጡና በክራንኩ ፑሌጃ (ከሞተሩ ፊት ያለው፣ ቺንጋ የሚዞርበት ጎማ መሰል ብረት) ቡሎን ላይ ቁልፍ አስገብታችሁ በእጅ አዙሩ። እምቢ ካለ ዘይት ጨምሮ መጠበቅ ነው፤ ቁልፉን በቧንቧ አስረዝሞ መጫን አይደለም።

ሁለት ሙሉ ዙር በነጻ ከዞረ ዘይቱንና ፊልትሮውን ቀይሩ። የቦቢናውን (ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን) መስመር ነቅላችሁ፣ ካንዴላዎቹ እንደወጡ፣ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ በሞተሪኖ አዙሩ፤ በአንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ አይለፍ። ቤንዚኑ አዲስ ይሁን፣ የሚመጣውም ከተለየ ንጹሕ ጀሪካን ይሁን፤ ሰልባቲዮው (የቤንዚን ታንከሩ) ውስጥ የቆየው ሙጫ ሆኖ የካርቡሬተሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይደፍናል።

ተነሳ ማለት ግን መንገድ ይወጣል ማለት አይደለም። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 4 (የፍሬን ዘይት ደረጃ ነው) ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ 3.7 በመቶ ውኃ ከያዘ ግን ዝቅተኛው መስፈርት 155 ነው። ቁልቁለት ላይ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጠርና ፔዳሉ ወለል ይነካል። ጎማም እንዲሁ፤ ጥርሱ ቢያምርም ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አሃዞች አንብቡ። «2314» ካለ በ2014 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት የተሠራ ነው።

«መጀመሪያ ሁሉንም መፍታት ነው»

ተፈታተው ዕቃቸው በካርቶን ተሞልቶ ለሽያጭ የሚቀርቡት መኪናዎች አብዛኞቹ እዚህ ላይ የቆሙ ናቸው። አንዱን ክፍል ጨርሱ፣ ወደ ቀጣዩ እለፉ። ከመፍታት በፊት ፎቶ፣ ከተፈታ በኋላ ስም የተጻፈበት ከረጢት፤ «የግራ በር፣ የላይ ማጠፊያ፣ 3 ቡሎን» ተብሎ ይጻፍ። የዛገ ደፍ ከመቁረጣችሁ በፊት የበሩን ክፍተት በብረት ቱቦ አግድም በይዱት። ይህ ከተዘለለ ቦዲው መሐሉ ላይ ይሰምጣል፣ አዲሱ ደፍ በተበየደ ማግስትም በሩ አይዘጋም።

«ስቱኮ የአጭበርባሪ ሥራ ነው»

ቀዳዳ ሲሞላበት አዎ። በንጹሕ ብረት ላይ ከ3 ሚሊ ሜትር ሳይበልጥ ማለስለሻ ሲሆን ግን ትክክለኛ ሥራ ነው። ቀዳዳው እስከ ጤነኛው ብረት ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ ይበየዳል፤ ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው በአንድ ትንፋሽ ሳይሆን ነጥብ በነጥብ፣ ቦታ እየቀያየሩ፤ አለዚያ በሙቀት ይጣመማል።

«እርሳስ የሌለው ቤንዚን አሮጌ ሞተር ይገድላል»

ለመኪና የሚሸጥ እርሳስ ያለው ቤንዚን ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዓለም ላይ የለም፤ አሮጌ መኪናዎች ግን ይሄዳሉ። እውነተኛው ችግር ለስላሳ የቫልቭ መቀመጫ ባላቸው ሞተሮች ላይ፣ በረጅምና ፈጣን ጉዞ የሚመጣ መበላት ነው። ቴስታታው (ቫልቮቹን የያዘው የሞተሩ ክዳን) ለሌላ ሥራ ሲወርድ ጠንካራ መቀመጫ ይገባለታል፤ ለዚህ ብሎ ጤነኛ ሞተር መክፈት አያስፈልግም። ይልቅ የሚያስፈራው ኢታኖል ነው፤ የድሮውን የቤንዚን ጎማ ቱቦ ያደርቀውና ይሰነጥቀዋል፣ ጠብታውም የጋለ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ላይ ያርፋል። ቱቦዎቹን ኢታኖል በሚችል ዓይነት ቀይሯቸው።