ስለ ሳልባጅ የምንሰማውና እውነታው

ጃንዋሪ ላይ ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ካለ፣ ሰው በነጻ የሰጠውን ከሚሸጥ አንድ የልባሽ መደብር ካፖርት ገዛሁ። በ24 ዶላር። ገበሩ ቤዥ ሆኖ ጥቁር፣ ነጭና ቀይ መስመር አለው። አንገቱ ላይ «ቡርበሪስ» ይላል፣ ውድ የእንግሊዝ ማርክ ነው። አዲሱ ከ2,000 ዶላር በላይ ነው። እኔ ደስታዬን ላካፍል ስል ዘመድ አዝማዱ በየተራ ስህተት አወጣልኝ።

«የሞተ ሰው ልብስ ነው» ያለችው አክስቴ ናት። «አንተ ልጅ፣ ከማን ገላ ላይ እንደወረደ ታውቃለህ?» በእሷ አልፈርድም። ያገለገለ ልብስ ለንግድ ማስገባት አገር ቤት ክልክል ስለሆነ፣ ሳልባጅ ሲባል የሚታያት በኮንትሮባንድ የገባ ቦንዳ ነው። ጋናዎችም ልባሽን «ኦብሮኒ ዋዉ» ይሉታል፣ የሞተ ነጭ ልብስ እንደማለት። የሟች ልብስ አይመጣም ብዬ አልከራከርም፤ ልጆች የእናታቸውን ቁም ሳጥን ጠቅልለው ያመጣሉ። ግን የወፈረም፣ የከሳም፣ ቤት የቀየረም፣ በቃ የሰለቸውም ይሰጣል። አሜሪካ ውስጥ ለበጎ አድራጎት የተሰጠ ዕቃ ከግብር ሊቀነስ ይችላል፣ ዓመቱ ደግሞ ዲሴምበር 31 ይዘጋል። ስለዚህ በመጨረሻው ሳምንት ሰው ፌስታሉን በመኪና ጭኖ ይሰለፋል። እኔ ጃንዋሪ የምሄደው ለዚህ ነው። የካፖርቴ ኪስ ውስጥም ያገኘሁት የላውንደሪ ቲኬት ነው፣ ሌላ ነገር አይደለም።

የአጎቴ ልጅ ደግሞ ስልኩን አውጥቶ መረመረኝ። «ቡርበሪ ነው የሚባለው፤ ይሄ መጨረሻው ላይ ኤስ አለው። ፎርጅድ ነው!» ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ቶማስ ቡርበሪ ሱቁን እንግሊዝ፣ ቤዚንግስቶክ የከፈተው በ1856 ነው። ማርኩ ለረጅም ዘመን «ቡርበሪስ» ሲባል ኖሮ ኤሷ የወደቀችው በ1999 ነው። ኤስ ካለ ልብሱ የቆየ ነው ማለት ነው እንጂ የውሸት ነው ማለት አይደለም። እርግጥ ፎርጅድ ሠሪም ኤስ መጻፍ አያቅተውም። ለዚህ ነው ማርኩን ትቼ ልብሱን የገለበጥኩት። የገበሩ መስመሮች ስፌቱ ጋ ሲደርሱ አልተዛነፉም። ስፌቱ ደቃቅና እኩል ነው፣ የትም ክር አልተንጠለጠለም። ቁልፎቹን ሳብ ሳብ ባደርግ አንዱም አልላላም። እዚያው መደርደሪያው ሥር ቆሜ አሥር ደቂቃ ሳገላብጥ ሠራተኛዋ ሁለቴ አየችኝ። ያቺ አሥር ደቂቃ ናት የሳልባጅ ደስታ፤ ካሸሩ ጋ ስደርስማ ግማሹ አልቋል።

ቦርሳ ላይ ስህተቱ ይብሳል። ስለ ውዱ የፈረንሳይ ማርክ «ሉዊ ቪቶን ቁጥሩ ካለ ኦሪጅናል ነው» ይባላል። ውስጡ የሚታተመው ኮድ ቦርሳው የትና መቼ እንደተሠራ የሚናገር እንጂ ለእያንዳንዱ ቦርሳ የተሰጠ መለያ አይደለም። ለመኮረጅም ቀላል ነው። ከ1980ዎቹ በፊት የተሠሩት ጭራሽ የላቸውም፤ ከ2021 ወዲህ ያሉት ደግሞ በኮዱ ፋንታ ቺፕ አላቸው። «ሜድ ኢን ዩኤስኤ ካለ ውሸት ነው» የሚለውም አያስኬድም፤ ካሊፎርኒያና ቴክሳስ ውስጥ ፋብሪካ አላቸው። ሌላው ቀርቶ ያ ዝነኛ ቡናማው ቦርሳ ገላው ቆዳ አይደለም፣ የተቀባ ሸራ ነው። ቆዳው እጀታው ነው፤ እሱም ሲቆይ ወደ ማር መልክ ይጠቁራል። ገላው አርጅቶ እጀታው ነጭ ከሆነ ወይ ተቀይሯል ወይ የሆነ ነገር አለ።

«ይሸታል፣ ትኋን ያመጣል» ለሚሉኝ መልሴ አጭር ነው። የሚታጠበውን እጠቡት፣ ሙቀት የሚችለውን በከፍተኛ ሙቀት ድራየር ውስጥ ክተቱት። ትኋን ያን ሙቀት አይችልም።

«ሀብታም ሰፈር ሂድ፣ እዚያ በነጻ ነው» የሚለውን ሞክሬዋለሁ። ሄጄ ያየሁት መስታወት ሣጥን ነው፣ ቁልፍ ያለው፣ ዋጋውም እንደ ሰፈሩ። ዕቃ የሚለዩት ሰዎችም ጅል አይደሉም። ብዙ የልባሽ መደብር ያለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ጉድዊል ከ1999 ጀምሮ የኢንተርኔት ጨረታ አለው፤ ጥሩ ጥሩው ወደዚያ ሊሄድ ይችላል። የኔ ካፖርት የተገኘው ተራ ሰፈር፣ የዝናብ ልብስ መሀል ተሰቅሎ ነው።

አንድ የማልከራከረው ነገር ግን አለ። ርካሽ ሁሉ ትርፍ አይደለም። ባለፈው ዓመት ጣሊያን የተሠራ ጫማ በ15 ዶላር አንስቼ ሶሉን ለማስቀየር 80 ከፍያለሁ፣ አሁንም ይጠበኛል። ካፖርቱም ቢሆን ቀበቶ የለውም። ቀበቶው የጠፋ ካፖርት ሳልባጅ ቤት ሞልቷል፤ ሰው ሲሰጥ በር ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል መሰለኝ። አክስቴ አንድ ጥቁር ቀበቶ ከቤቷ አምጥታ አስራልኝ ነበር። አይሄድም።