ከሶፋው ጀርባ ያለው አውሮፕላን

ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። ሳሎኔ ውስጥ፣ ከሶፋው ጀርባ፣ ሁለት ቢጫ ክንፎች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት ቡና ሊጠጡ ገብተው አዩዋቸውና «ልጄ፣ ይሄ የዘይት ጀሪካን የመሰለው ምንድነው?» አሉኝ። አውሮፕላን ነው ስላቸው ሳቁ። «እሱ እንኳን የፈረንጅ ሥራ ነው» አሉ።

እዚህ ላይ ቶሎ ብዬ አንድ ነገር ነገርኳቸው። «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን እዚሁ አገር ተሠርታ የበረረችው በ1928 ዓ.ም. ነው። መሐንዲሱ ሉድቪግ ቬበር ጀርመናዊ ቢሆንም አብረውት የሠሩት የእኛ ሰዎች ነበሩ። ጣሊያን ወስዷት ኖሮ በጥር 2016 ተመለሰች። እናታችን «እሷስ እሺ» ብለው ቡናቸውን ቀጠሉ።

እኔ የምገጥመው ፓይፐር ከብ የተባለችው ትንሽ አውሮፕላን ሞዴል ነው፤ መሬት ላይ ተቆሞ በሬዲዮ የሚበርር፣ የእውነተኛው አንድ አራተኛ። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 2 ሜትር ከ70 ሳንቲም ገደማ ነው። ስለዚህ ሥራ ከሰው የሰማኋቸው፣ አንዳንዶቹን ደግሞ ራሴ አምኜባቸው የተቀጣሁባቸው ስህተቶች እነሆ።

«አንድ አራተኛ ከሆነ ክብደቱም አንድ አራተኛ ነው»

አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ታዲያ ማን ይሸከመዋል?» አለኝ። ስሌቱ አይፈረድበትም። እውነተኛው ከብ ባዶውን 345 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሩቡ 86 ኪሎ ነው፤ አንድ ደልደል ያለ ጎረምሳ ማለት ነው።

ግን ርዝመቱ በአራት ሲካፈል ወርዱም ከፍታውም በአራት ይካፈላል። አራት ጊዜ አራት ጊዜ አራት 64 ነው። 345 ለ64 ሲካፈል አምስት ኪሎ ተኩል እንኳ አይሞላም። በተግባር ሞተሩ፣ ባትሪውና ሰርቮዎቹ (ጭራውንና ክንፉን የሚያዝዙት ትንንሽ ሞተሮች) ተጨምረው ከ7 እስከ 10 ኪሎ ይደርሳል። የክንፉ ስፋት ደግሞ የቀነሰው በ16 ብቻ ነው። ስለዚህ ሞዴሉ ለክብደቱ ሰፊ ክንፍ አለው ማለት ነው። እንደ እውነተኛው ሳይፈጥን ረጋ ብሎ የሚበርረውም ለዚህ ነው።

«ትልቅ ሲሆን ለማብረር ይከብዳል»

ተቃራኒው ነው። ትንሿን የፎም አውሮፕላን ትንሽ ነፋስ እንደ ፌስታል ያንገላታታል። ትልቁ ይረጋል፤ ከሩቅም ወዴት እንደዞረ በደንብ ይታያል። የሚከብደው ሲወድቅ ነው።

«ያው መጫወቻ ነው»

10 ኪሎ የሚመዝን ሞዴል በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲበርር የያዘው ጉልበት፣ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ከአምስት ሜትር ከፍታ ሲወድቅ ካለው ጋር እኩል ነው። ፕሮፔለሩማ ጣት ይወስዳል። ቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ሞተር ስትሞክሩ መጀመሪያ ፕሮፔለሩን ፍቱ። የቤንዚን ሞተር ስታስነሱ ደግሞ አንድ ሰው ጭራውን ይያዝላችሁ፤ ከተነሳ በኋላም የምታስተካክሉት ከኋላ ሆናችሁ ነው።

«ሙጫ ሲበዛ ይጠነክራል»

ይህ የእኔ ስህተት ነበር፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ባለፈው ክረምት የጭራውን ማጠፊያዎች በኢፖክሲ፣ ከማጠንከሪያ ጋር በሚቀላቀለው ሙጫ፣ ሳጣብቅ ሙጫው አልደርቅ አለኝ። ሐምሌ ነው፣ ማታ ነው፣ ቤቱ ይበርዳል። ጠርሙሱ ላይ 30 ደቂቃ ይላል። እኔ ሁለት ሰዓት ጠብቄ ገና ያጣብቃል። «ማጠንከሪያው አንሶ ነው» ብዬ በሁለተኛው ዙር ማጠንከሪያውን እጥፍ አደረግሁት። ጠዋት ሳየው እንደ ማስቲካ ሆኗል። እስከ ዛሬም አልደረቀም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ኢፖክሲ እንደ ቡና ስኳር አይደለም። ሁለቱ ፈሳሾች የሚዋሃዱት በተወሰነ ልክ ነው፤ የበዛው ማጠንከሪያ የሚዋሃደው ስለሚያጣ ሙጫውን አልፈስፍሶ ይቀራል። የሚያዘገየው ብርዱ ነው። ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲወርድ የመድረቂያው ጊዜ በግምት በእጥፍ ይረዝማል። መፍትሔውም ቀላል ነው፤ ልኩን ጠብቆ መቀላቀል፣ ክፍሉን ማሞቅ፣ አለዚያም እስከ ነገ መተው።

የሙጫው ብዛት ሌላም ጣጣ አለው። የእኔ ሞዴል ሚዛኑ የሚያርፈው ከአፍንጫው 40 ሳንቲም ያህል ወደ ኋላ ነው። ጭራው ግን ከዚያ ነጥብ 1 ሜትር ከ20 ይርቃል። ስለዚህ ጭራ ላይ ያባከንኩትን 100 ግራም ሙጫ ለማካካስ አፍንጫው ላይ 300 ግራም እርሳስ መጨመር አለብኝ። ለ100 ግራም ስንፍና 400 ግራም ተሸክሞ መብረር! አሮጌውን ሙጫ ፍቄ ለማንሳት ሁለት ቅዳሜ ፈጅቶብኛል።

«ሚዛኑን ሜዳ ላይ አስተካክለዋለሁ»

ሜዳ ላይ ሚዛን የሚታወቀው አውሮፕላኑ ከተነሳ በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ እጃችሁ አይደርስበትም። አፍንጫው የከበደ አውሮፕላን ይለግማል እንጂ ይታዘዛል። ጭራው የከበደ ግን አፍንጫውን ሽቅብ አንስቶ እምቢ ይላል። የሚለካው ጠረጴዛ ላይ፣ ሁሉም ነገር ተገጥሞ ካለቀ በኋላ ነው። እንደ ከብ ባለ ቀጥ ያለ ክንፍ ላይ የሚዛኑን ነጥብ ከፊት ጠርዙ ወደ ኋላ የክንፉን ወርድ ከ25 እስከ 30 በመቶ ሄዶ ነው መጀመር። በእኔ ክንፍ ከ10 እስከ 12 ሳንቲም ማለት ነው። ባትሪውን ወዲያ ወዲህ እያንቀሳቀሱ ሚዛኑን ማምጣት ይቀድማል፤ እርሳስ የመጨረሻ ነው።

«ዕቃው መርካቶ ሞልቷል»

ግማሹ እውነት ነው። ብሎን፣ ዳዶ፣ ራንዴላ፣ የአሉሚኒየም ቱቦ፣ ኮላ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ የጎማ ላስቲክ መርካቶ አይጠፋም። ኮምፔንሳቶም አለ። ግን ለአልጋና ለቁም ሳጥን የተሠራ ኮምፔንሳቶ ለአውሮፕላን ይከብዳል። ባልሳ የሚባለው ቀላል እንጨት ሌላ ነገር ነው፤ በብዛት የሚመጣው ከኢኳዶር ነው። አንድ የማውቀው አናጺ ቁራጩን በእጁ መዝኖ «ይሄ እንጨት ነው ብስኩት?» ብሎኛል። ብስኩት ቢመስልም ለክብደቱ ጠንካራ ነው። ሰርቮና ሬዲዮ ላይ ደግሞ ርካሽ አትፈልጉ። በትልቅ ሞዴል ላይ የላላ ማያያዣ ወይም ደካማ ሰርቮ ካለ፣ በፍጥነት ሲበርር ጭራው እንደ ባንዲራ መርገብገብ ይጀምራል። በሰከንዶች ውስጥም ይገነጠላል።

«ሞተሩ እየሠራ ከሆነ ችግር የለም»

የቤንዚን ሞተር የሬዲዮ ባትሪ ቢያልቅም መሥራቱን ይቀጥላል። ሪሲቨሩ ግን (የዲሹን ሳይሆን አውሮፕላኑ ውስጥ ያለውን የሬዲዮ መቀበያ ማለቴ ነው) ትእዛዝ አይቀበልም። ስለዚህ ለሪሲቨሩ ሁለት ባትሪ፣ ሁለት ማብሪያ ማጥፊያ። ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ ካላችሁ ደግሞ ሞልታችሁ አታስቀምጡት፤ ለማቆያ በአንድ ሴል 3.8 ቮልት አካባቢ ይበቃዋል። ቻርጅ ላይ ጥላችሁትም አትውጡ፤ ይነድዳል።

«መመሪያው ላይ የተጻፈው እዚህም ያው ነው»

መመሪያውን የጻፈው ሰው የሚኖረው ባሕር ዳርቻ ነው፤ ማለቴ በባሕር ጠለል አካባቢ። እኛ ያለነው 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየራችን ከእነሱ በ20 በመቶ ያህል ይሳሳል። ደረጃ ስትወጡ የሚያስተነፍሳችሁ ነገር አውሮፕላኑንም ያስተነፍሰዋል።

የቤንዚኑ ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። በፋብሪካው ልክ ከተውነው አየሩ አንሶ ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ያጨሳል፣ ይንተፋተፋል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ብዙ ሰው ያኔ ሞተሩ ተበላሸ ይላል። የካርቡራተሩን መርፌ ትንሽ ትንሽ እየዘጉ ማስተካከል ነው እንጂ አልተበላሸም። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይጠጣም፤ ፕሮፔለሩ ግን የሚይዘው አየር ሳስቷል። ስለዚህ በዲያሜትር ትንሽ ከፍ ያለ ፕሮፔለር ይፈልጋል፤ አምፔሩን እየለኩ ነው የሚመረጠው።

ክንፉም ዕዳ አለበት። ያንኑ ክብደት ለመሸከም በ12 በመቶ ያህል መፍጠን አለበት፤ ሲነሳም ሲያርፍም። ጉልበት አንሶ፣ ፍጥነት ተጨምሮ፣ መንደርደሪያው አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ይሆናል። የቦሌ ረጅሙ መንደርደሪያ 3,800 ሜትር የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ መመሪያው «እስከ 10 ኪሎ ይችላል» ካለ እኔ 8 ላይ ነው የማቆመው።

«ታዲያ ጃንሜዳ ወስደህ አታበርረውም?»

ይህን ያላለኝ ሰው የለም። ጃንሜዳ፣ መስቀል አደባባይ፣ አንዱማ የኮንዶሚኒየሙን ጣሪያ ጠቁሞኛል። መሀል አዲስ አበባ ላይ ከእግር ኳስ ተጫዋቾች ራስ በላይ ያን ግማሽ ኩንታል ጤፍ ማብረር አይታሰብም። ቤተ መንግሥቱም ቅርብ ነው። ደግሞም እንዲህ ያለ በራሪ ነገር ፈቃድ ይፈልጋል፤ የሚጠየቀውም የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር፣ ኢመደአ ነው። ከውጭ ለማስመጣት ካሰባችሁ ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁ፤ ዕቃው ጉምሩክ ከደረሰ በኋላ መጠየቅ ሌላ ታሪክ ነው።

የእኔ ጥያቄ ገና በሂደት ላይ ነው። የደረጃውን መታጠፊያ ግን አስቀድሜ ለክቻለሁ። ክንፉ መሀሉ ላይ በአሉሚኒየም ቱቦ ተያይዞ ለሁለት ስለሚፈታ ያልፋል። ገላው 1 ሜትር ከ70 ነው፤ እሱም ሦስተኛው ፎቅ ላይ በአፍንጫው ከቆመ ይዞራል። እናታችን ጭራውን እይዝልሃለሁ ብለውኛል።