«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ»፦ ሪፐብሊክና ዴሞክራሲ በገበሬ አፍ

ጎጃም ውስጥ ይህን ተረት ሙሉውን የሚናገር ሰው ብዙ አላጋጠመኝም። አንዱ «ሰማይ አይታረስ…» ብሎ ይተወዋል፤ አጠገቡ ያለው ራሱን ነቅንቆ ቀሪውን በልቡ ይጨርሰዋል።

የመጀመሪያው ግማሽ የአራሽ ነው። አያቴ ቢቸና አካባቢ ለጤፍ ሲያርሱ፣ ትልሙ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ማረሻውን ከአፈር አንሥተው በሬዎቹን ያዞሯቸው ነበር። ያን ጊዜ ማረሻው አየር ላይ ነው። ቀንበሩ ይላላል፤ በሬዎቹ ቢሄዱም የሚስቡት ነገር የለም። ሰማይ አይታረስም የተባለው ለዚህ ነው፤ ማረሻው የሚይዘው አፈር የለውም።

ሁለተኛው ግማሽ ከችሎት የመጣ ነው። የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ንጉሡ ራሳቸው ነበሩ፤ በዙፋን ችሎት ተቀምጠው የሚፈርዱት እሳቸው። ታዲያ ዳኛውን ለማን ይከሱታል? የ1948ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 4 የንጉሠ ነገሥቱ አካል የተቀደሰ፣ ክብራቸው የማይደፈር፣ ሥልጣናቸውም የማይነካ መሆኑን ደንግጎ ነበር። ገበሬው በአራት ቃል የተናገረውን ሕጉ አንቀጽ አደረገው።

ጎጃም የዚህን ተረት ክብደት በ1960 ዓ.ም. በራሱ ላይ አየው። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ገበሬው ርስቴ ተለክቶ ሊወሰድብኝ ነው ብሎ ተነሣ። ጦር ተላከበት፤ ከሰማይም አውሮፕላን መጣበት። በመጨረሻ አገረ ገዢው ተነሡ፣ የቆየው የግብር ዕዳም ተማረ። ተማረ የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ። ገበሬው ምሕረት አገኘ እንጂ ተከራክሮ አልተፈረደለትም።

«አገራችን ሪፐብሊክ ናት ወይስ ዴሞክራሲ?» የሚለው ክርክር ሲነሣ ይህ ተረት ትዝ የሚለኝ ለዚህ ነው። ሁለቱ ቃላት የሚመልሱት ጥያቄ የተለያየ ነው። ሪፐብሊክ ከላቲን የመጣ ሲሆን የሕዝብ የሆነ ነገር ማለት ነው፤ መንበሩ የአንድ ቤት ርስት አይደለም ይላል። ዴሞክራሲ ደግሞ ከግሪክ፣ የሕዝብ ሥልጣን፤ ማን ይግዛ የሚለውን የሚወስነው የሕዝቡ ድምፅ ነው ይላል። እንግሊዝ ሕዝቡ ፓርላማውን ይመርጣል፤ ንጉሡ ግን ዛሬም በፍርድ ቤት አይከሰሱም። ዴሞክራሲ ነው፣ ሪፐብሊክ አይደለም። ተረታችን እዚያ እስካሁን ይሠራል! እኛ ደግሞ በ1967 ዓ.ም. ዘውዱን አወረድን፣ በ1980 ዓ.ም. «የኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ» ተባልን። ፓርቲው አንድ ብቻ ነበር፤ ፕሬዚዳንቱን እከሳለሁ ብሎ ፍርድ ቤት የሚሄድ ማን ነበር?

አንዳንድ አሜሪካኖች «ሪፐብሊክ ነን እንጂ ዴሞክራሲ አይደለንም» የሚሉት መነሻው ሌላ ነው። ከአሜሪካ ሕገ መንግሥት አርቃቂዎች አንዱ ጄምስ ማዲሰን እ.ኤ.አ. በ1787 ዴሞክራሲ ሲል ሕዝቡ ራሱ ተሰብስቦ የሚወስንበትን፣ ሪፐብሊክ ሲል በተወካዮች የሚወስንበትን ነበር። በእሱ አነጋገር የዕድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ዴሞክራሲ፣ የዕድሩ ኮሚቴ ሪፐብሊክ ይሆን ነበር።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 1 አገሪቱን ዴሞክራሲያዊም ሪፐብሊክም ይላታል። አንቀጽ 12 ደግሞ ማንኛውም ኃላፊ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ ይሆናል ይላል። ለእኔ ከስሙ ይልቅ ይህች አንቀጽ ትበልጥብኛለች፤ የተረቱን ሁለተኛ ግማሽ የምትነካው እሷ ናትና።

አምና አንድ የወረዳ ፍርድ ቤት በር ላይ የመሬት ጉዳይ የያዙ እናት አገኘሁ። ማመልከቻ ጸሐፊው «እማማ፣ ኃላፊውን መክሰስ ይችላሉ እኮ» አላቸው። «ሰማይ አይታረስ…» ብለው ዝም አሉ። ወረቀቱን ግን አልመለሱለትም። ለአራት አጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩትና ወደ መዝገብ ቤቱ መስኮት ሄደው ተሰለፉ።