ከአፉ የሚጎርስ ነፍጥና መዳብ የለበሰ አረር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አሜሪካ ውስጥ ከአፉ በሚጎርስ ነፍጥ ማደን በብዙ ግዛቶች የራሱ ወቅት የተመደበለት ስፖርት ነው። አዳኞቹ መዳብ የለበሰ የሽጉጥ አረር ይገዙና፣ ለጠባቡ አፈሙዛቸው እንዲስማማ ማጥበቢያ ዳይ (አረሩ በግፊት የሚያልፍበት ጠባብ ቀዳዳ ያለው ጠንካራ ብረት) ውስጥ አሳልፈው ያሳንሱታል። ይህን በስልኩ ያየ የጎንደር ሰው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የአያቱን ነፍጥ ቀና ብሎ ማየቱ አይቀርም። ከዚያ በኋላ የሚወራው አብዛኛው ስህተት ነው።

«ውጅግራም ከአፉ ይጎርሳል»

አይጎርስም። ውጅግራ የፈረንሳዩ ግራ ነው፤ በ1874 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ባለ 11 ሚሊሜትር፣ ቀለህ ያለው ጥይት ከኋላው የሚጎርስ። ምንሽርም ከኋላ ነው። ከአፋቸው የሚጎርሱት የቀደሙት ናቸው፤ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አሮጌ ላይ የአፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ከኋላ የሚጎርስ ስናይደር የያዙትን እንግሊዞች የገጠመባቸው ዓይነት። (ጋፋት ላይ የተሠራው ሴባስቶፖል መድፍም ከአፉ ነው የሚጎርሰው።) እነዚህ ነፍጦች የተሠሩት ለለስላሳ እርሳስ ነው። መዳብ የለበሰ አረር የመጣው በ1882 እ.ኤ.አ. በስዊሱ ሩቢን እጅ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ ልኬት የሚነገረው ሁሉ በዘመናዊ ብረት የተሠሩትን ብቻ ይመለከታል። የአያት ነፍጥ መዳብ የለበሰ አረር አይጎርስም፤ ቢጠብም ቢሰፋም።

«በጣም ሲጠብቅ በጣም ይመታል»

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። 45 ካሊበር የሚባለው አፈሙዝ በወረቀት 11.43 ሚሊሜትር ነው። ከፋብሪካ ሲወጣ ግን አንዱ ትንሽ ይጠባል፣ ሌላው ትንሽ ይሰፋል። ገበያ ላይ ያለው አረር ደግሞ ብዙ ጊዜ 11.48 ነው። ልዩነቷ 0.05 ሚሊሜትር ናት፤ ከፀጉር ዘለላ ውፍረት አትበልጥም። ለእርሳስ ምንም አይደለችም፣ እየለሰለሰ ይገባል። መዳብ ግን አይለሰልስም። በመዶሻ ሲገፉት ጫፉ ይደፈጠጣል፣ አረሩን የሚገፋው ዘንግ ይጎብጣል፣ አረሩም መሃል መንገድ ላይ ቀርቶ ከባሩዱ ይራራቃል። ያ ባዶ ቦታ ነው ጣጣው፦ ሲተኮስ አፈሙዙን እዚያው ላይ እንደ ቀለበት ሊያሳብጠው፣ ብሎም ሊሰነጥቀው ይችላል። አረሩ ባሩዱን ሲነካ ዘንጉ የት ድረስ እንደሚገባ ዘንጉ ላይ ምልክት የሚደረገው ለዚህ ነው። ምልክቱ ከአፉ በላይ ተንሳፍፎ ከታየ አይተኮስም።

ትክክለኛው ልክ አረሩ በእጅ ግፊት ብቻ፣ ከላይ እስከ ታች ባልተለዋወጠ ክብደት የሚወርድበት ነው። ነፍጡ ሲዘቀዘቅም ተንሸራቶ መውጣት የለበትም። ጋዙን የሚዘጋው ጥበቱ ብቻ አይደለም። ከአረሩ ሥር የሚገባ የሱፍ ውታፍ አለ፤ የእርሳሱ እምብርትም በፍንዳታው ተገፍቶ በትንሹ ይሰፋል።

«ሞረድ ወይም ብርጭቆ ወረቀት ይበቃል»

ሞረድ መዳቡን ይበላል። የአረሩ ልብስ ውፍረት ከግማሽ ሚሊሜትር ብዙም አይርቅም፤ አንድ ጎኑ ሲሳሳ ሚዛኑ ይዛባና አረሩ በአየር ላይ ይንገዳገዳል። ዳይ ግን ምንም አይቆርጥም፤ ዙሪያውን እኩል ጨምቆ ብረቱን ወደ ርዝመቱ ይገፋዋል። ለዚህ ነው ከዳይ የወጣ አረር በጥቂቱ ረዝሞ የሚገኘው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የአፈሙዙ ልክ ይታወቃል። አፉ ላይ የገባ ካሊፐር (ስፋት መለኪያ) ያታልላል። የኋላ መዝጊያው ተፈትቶ፣ ውስጡ በዘይት ታሽቶ፣ ትንሽ የሚበልጥ ለስላሳ የእርሳስ ኳስ በእንጨት ዘንግ ይገፋል። ጠንከር ያለባቸው ቦታዎች እጅ ላይ ይታወቃሉ። ከወጣው ኳስ ላይ ጎድጎድ ያሉት መስመሮች ማይክሮሜትር በሚባለው ረቂቅ መለኪያ ይለካሉ፤ ጠባቡ ልክ እሱ ነው። ከዚያ አረሩ በስሱ ቅባት ተቀብቶ፣ የአፍንጫውን ቅርጽ በተከተለ መግፊያ ዳዩ ውስጥ በመጭመቂያ ፕሬስ ያልፋል። ቅባቱ ይጠረጋል፣ አረሩ እንደገና ይለካል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። መዳብ ተጨምቆ ሲለቀቅ በጥቂቱ ይመለሳል፣ እርሳስ ግን አይመለስም። ስለዚህ 11.43 አረር የሚፈልግ ሰው 11.43 ዳይ ቢያስቆርጥ ትንሽ የወፈረ ነው የሚወጣለት፤ ዳዩ በጥቂት ማይክሮን መጥበብ አለበት። በአንድ ጊዜ ብዙ ከተጨመቀ ደግሞ ልብሱ ከእርሳሱ ይላቀቅና ውስጡ ይላላል። በአንድ ማለፊያ ከ0.05 ሚሊሜትር በላይ አለማውረድ ይሻላል። ጥሩ የቶርኖ ሠራተኛ ዳዩን ሊቆርጠው ይችላል፤ ውስጡ መስታወት ካልመሰለ ግን አረሩን ይፍቀዋል።

«መዳቡን እሳት ላይ አለስልሰው»

እርሳስ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል። የመዳቡ ልብስ በደንብ እንዲለሰልስ ከ400 በላይ ይፈልጋል። እምብርቱ ቀልጦ ፈስሶ ያልቃል ማለት ነው። ቀለህ ውስጥ ያለን ጥይት እሳት አጠገብ ማስጠጋትማ የሚነገርም አይደል።

«የጠበበው በሙቀቱ ነው»

የ11 ሚሊሜትር ብረት በ30 ዲግሪ ልዩነት የሚለወጠው 0.004 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ያውም ይሰፋል እንጂ አይጠብም። የሚያጠበው የጥቁር ባሩድ ጥላሸት ነው። በክረምት እርጥበት ስለሚስብ ለስለስ ይላል፤ በጎንደር በጋ ግን ደርቆ እንደ ቅርፊት ይጣበቃል። መጀመሪያው ሰተት ብሎ የገባ አረር ሦስተኛው ላይ እምቢ ሲል መፍትሔው ዳይ ሳይሆን ጨርቅ ነው፦ በሳሙና ውኃ የራሰ አንድ፣ ደረቅ ሁለት፣ በየተኩሱ መሃል።

«ባሩድ ባሩድ ነው»

አይደለም። ከዘመናዊ ጥይት የወጣ ጭስ አልባ ባሩድ ለጥቁር ባሩድ በተሠራ አፈሙዝ ውስጥ ፊት ላይ ይፈነዳል። ትንሽ ማድረግም አያድንም። በነገራችን ላይ መሣሪያ መያዝ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ይጠይቃል።

«ስንት ዓመት ተሰቅሎ የኖረ፣ ባዶ ነው»

ከአፉ የሚጎርስ ነፍጥ ተከፍቶ አይታይም፣ ስለዚህ ማንም በዓይኑ ባዶነቱን አያረጋግጥም። አፉ ከሰውና ከግድግዳው ወዲያ ዞሮ፣ ቆቡ (ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ትንሽ ክዳን) አለመኖሩ ታይቶ፣ ቀጭን የእንጨት ዘንግ ሳይገፋ በቀስታ ይወርዳል። ዘንጉ ሲቆም አፉ ጋ ያለው ቦታ በጣት ይያዝና ይወጣል። ከዚያ በውጭ በኩል ከአፈሙዙ ጎን ይለካል። ጫፉ ቆቡ ከሚቀመጥበት ቀዳዳ አጠገብ ከደረሰ ባዶ ነው። ጥቂት ጣት ቢቀረው ወይ ቆሻሻ ነው፣ ወይ የጎረሰ ነው። እንደ ጎረሰ ይቆጠራል፤ አይቦረቦርም፣ እሳት አጠገብ አይቀመጥም፣ ለባለሙያ ይነገራል። ውኃ ማፍሰስ ለጊዜው ያቀዘቅዘዋል እንጂ አይገድለውም፤ ጥቁር ባሩድ ከመቶ ዓመት በኋላም ሲደርቅ ይነድዳል።