በጎ ፈቃደኛ «በነጻ» አይመጣም

የፕሮጀክት በጀት ሲዘጋጅ ሁሌም አንድ ሰው ይነሣና «ሠራተኛ ከምንቀጥር በበጎ ፈቃደኞች እናሠራው፤ በነጻ ነው» ይላል። ይህ አባባል ብዙ መልካም ሥራ አበላሽቷል። ወደ እሱ ከመሄዴ በፊት ግን ስለ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶችና ስለ በጎ ፈቃደኝነት የሚነገሩ ሌሎች የተሳሳቱ አባባሎችን ላጥራ።

«ለትርፍ ያልተቋቋመ ድርጅት መነገድ አይችልም።» ይችላል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የንግድና የኢንቨስትመንት ሕጎችን ተከትሎ ገቢ ማስገኛ ሥራ መሥራትን ይፈቅዳል። የተከለከለው ትርፉን ለአባላት ማከፋፈል ነው።

«ድርጅቱ የመሥራቹ ንብረት ነው።» አይደለም። ሲፈርስ እንኳ ዕዳው ተከፍሎ የተረፈው ንብረት ተመሳሳይ ዓላማ ወዳለው ድርጅት ይተላለፋል እንጂ መሥራቹ ቤት አይገባም።

«በጎ ፈቃደኝነት ከውጭ የመጣ ሐሳብ ነው።» የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ከመቋቋሙም በፊት ገበሬው በደቦ ያጭድ፣ በወንፈል ያርስ ነበር። ደቦን ደግሞ ልብ ብሎ ላየው ሰው ዋናው ስሕተት እዚያው ይታረማል፦ ደቦ የጠራ ገበሬ ምግቡንና ጠላውን አስቀድሞ ያሰናዳል፤ ሰዎቹ ሲደርሱም የሚታጨደው ማሳ የትኛው እንደሆነ ያውቃል። ጉልበቱ አይከፈልበትም፤ ዝግጅቱ ግን ወጪ አለው።

ድርጅቶች የሚዘነጉት ይህንኑ ነው። ለምሳሌ 20 በጎ ፈቃደኞች ሕፃናትን በሳምንት ሁለት ቀን ለ12 ሳምንት ንባብ ያስተምሩ እንበል። የትራንስፖርት ደርሶ መልስ 60 ብር ቢሆን 20 በ2 በ60 ሲባዛ በሳምንት 2,400፣ በ12 ሳምንት 28,800 ብር ነው። ይህ ገና መጓጓዣው ብቻ ነው። ሥልጠናው፣ ሻይ ቡናው፣ ደብተሩ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የአስተባባሪው ደመወዝ አልተቆጠረም። አስተባባሪ ካልተቀጠረ ሥራው የፕሮጀክት ኃላፊው ላይ ይወድቃል፤ እሱም በትርፍ ሰዓቱ ስለሚሠራው ስልክ አይደውልም፣ መዝገብ አይይዝም፣ የቀረን ሰው አይተካም።

ከዚያ የሚሆነው የታወቀ ነው። በጎ ፈቃደኛው በሰዓቱ ይመጣል፤ ክፍሉ ተቆልፏል፣ ቁልፉ ያለበትን የሚያውቅ የለም። ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ የተሰጠው ሥራ ወንበር መደርደር ይሆናል። ሦስተኛ ጊዜ አይመጣም። ድርጅቱም «ወጣቱ ቁርጠኝነት የለውም» ብሎ ሪፖርት ይጽፋል። ወጣቱን የሚወቅስ ሁሉ መጀመሪያ የራሱን ዝግጅት ይመርምር።

ዝግጅቱ ይህን ይመስላል። ማስታወቂያ ከመውጣቱ በፊት በአንድ ገጽ ሥራው ምን እንደሆነ፣ በየትኛው ቀን ስንት ሰዓት እንደሚወስድ፣ ተጠሪነቱ ለማን እንደሆነ ይጻፍ። ይህን ገጽ መጻፍ ካልተቻለ ሥራው ገና አልተዘጋጀም፤ ሰው አይጠራ። ለእያንዳንዱ አመልካች 20 ደቂቃ ቃለ መጠይቅ ይደረግ። ሥራው ከሕፃናት ጋር ከሆነ አመልካቹን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ይጠየቁ፤ ማንም በጎ ፈቃደኛ፣ የቱንም ያህል የታመነ ቢሆን፣ ከሕፃን ጋር ብቻውን በተዘጋ ክፍል አይሁን። ቀጥሎ የግማሽ ቀን ሥልጠና ይሰጥ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍለ ጊዜያት ደግሞ ከነባር ሰው ጋር ይሥራ። አንዳንዱ ሳይመጣ ስለሚቀር ከሚፈለገው በላይ አምስት ወይም ስድስት ተጠባባቂ መዝግቡ።

የመጓጓዣ ገንዘብ በዕለቱ፣ በፊርማ ይከፈል። «በወር መጨረሻ እናወራርዳለን» ማለት ገንዘብ የሌለውን ተማሪ ማስቀረት ነው። በተቃራኒው ደግሞ ክፍያውን ከእውነተኛው ወጪ በላይ ከፍ አድርጎ «አበል» ማለት አደገኛ ነው። ሰው በመሪ ትእዛዝ ሥር ሠርቶ በምላሹ ገንዘብ ካገኘ ነገሩ የቅጥር መልክ ይይዛል፤ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውልን የሚያየው በዚሁ ዓይን ነው። ስሙን በጎ ፈቃደኛ ብሎ ማውጣት ከክርክር አያድንም።

«አስተባባሪ ከቀጠርን አስተዳደራዊ ወጪያችን ከ20 በመቶ ያልፋል» የሚል ፍርሃትም አለ። አዋጅ 1113/2011 በእርግጥ አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ነገር ግን አስተዳደራዊ የሚለው ከፕሮጀክት ተግባር ጋር ያልተያያዘውን፣ ለድርጅቱ ህልውና ግን የሚያስፈልገውን ወጪ ነው። አስተማሪዎቹን የሚያሠለጥንና ክፍል ድረስ ሄዶ የሚከታተል ሰው የፕሮጀክቱ አካል ነው፤ በፕሮጀክት ሰነዱ ላይ ተግባሩ ተዘርዝሮ በዚያው ርእስ በጀት ይያዝለት። ዝርዝሩ ካልተጻፈ ግን ኦዲተር ሲጠይቅ የሚታይ ማስረጃ አይኖርም።

ገንዘቡ ለ20 ሰው ካልበቃ 8 ሰው ያዙ። በየሳምንቱ ሳይቀሩ የሚመጡ 8 አስተማሪዎች ሕፃናቱን ማንበብ ያስጀምራሉ፤ በየጊዜው የሚለዋወጡ 20 ሰዎች ሲያስተምሩ ግን ሕፃኑ በየሳምንቱ ከ«ሀ» ይጀምራል።