«አስም በአንድ መርፌ ጠፋ» ሲባል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት መድኃኒት ቤት መጥተው ስልካቸው ላይ አንድ ቪዲዮ አሳዩኝ። በዘረ መል ሕክምና፣ ማለትም የሕዋስን ጂን በመለወጥ፣ አስም ድራሹ ጠፋ ይላል። ለልጃቸው የታዘዘውን ኢንሄለር ሳይገዙ ሊመለሱ ነበር። ለእሳቸው ያልኩትን ለሌላውም ልጻፈው።

«መድኃኒቱ ወጥቷል፤ እኛ ጋ ስላልደረሰ ነው።» አልወጣም። ለአስም የተፈቀደ የዘረ መል ሕክምና በየትኛውም አገር የለም። ቪዲዮው የሚያወራው ስለ አይጦች ነው። በ2024 ተመራማሪዎች የአይጦችን ነጭ የደም ሕዋሳት በዘረ መል ለውጠው፣ አስም የሚያባብሱትን ሕዋሳት እንዲያሳድዱ አደረጓቸው፤ አንድ ጊዜ የተሰጠው ለረጅም ጊዜ ሠራ። ግሩም ሥራ ነው። ነገር ግን አይጥ በተፈጥሮዋ አስም አይዛትም፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው እንዲይዛት የሚደረገው።

«አሜሪካ ያለችው እህቴ የምትወጋውስ?» እሱ ሌላ ነው። በ2003 እዚያ የተፈቀደው ኦማሊዙማብም ሆነ ከእሱ በኋላ የመጣው ዱፒሉማብ ፀረ እንግዳ አካላት፣ ማለትም ዒላማቸውን ለይተው የሚይዙ ፕሮቲኖች ናቸው። የአለርጂን መንገድ ይዘጋሉ እንጂ ዘረ መል አይነኩም። በየሁለት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚደገሙትም ለዚህ ነው።

«ጥፋተኛውን ጂን አግኝቶ ማረም ነው።» አንድ ጥፋተኛ ቢኖር እንዴት መልካም ነበር! በ2007 ከልጅነት አስም ጋር የተያያዘ ሥፍራ ጂኖችን ከሚሸከሙት ክሮሞዞሞች በ17ኛው ላይ ተገኘ። ዛሬ የታወቁት ሥፍራዎች ከመቶ ይበልጣሉ፤ የእያንዳንዳቸው ድርሻ ግን ጥቂት ነው። ጉዳዩ የዘር ብቻም አይደለም። በ1997 የታተመ አንድ ጥናት አስምን በጅማ ከተማ ከገጠሩ ይልቅ በዝቶ አግኝቶታል።

«ሳንባ ክፍት በር ነው፤ መድኃኒቱን መሳብ ብቻ።» ተማሪ ሳለሁ እኔም እንዲህ ይመስለኝ ነበር። የአየር ቧንቧው ግድግዳ በስስ ንፍጥ ተሸፍኗል፤ ከሥሩ ያሉት ጥቃቅን ፀጉሮች ንፍጡን ሌት ተቀን ወደ ጉሮሮ ይጠርጋሉ። ጤፍ ሲያበጥር የዋለ ሰው ማታ አክታውን ሲተፋ ያንን ጠረጋ በዓይኑ ያየዋል። ዘረ መልን ወደ ሕዋስ እንዲያደርስ የሚላከው ቫይረስም ለሳንባ ሌላ ብናኝ ነው። ከጠረጋው ቢያመልጥ እንኳ የሰውነት መከላከያ ይጠብቀዋል፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ደግሞ ያውቀዋልና ይበረታበታል። አስም ያለበት ሰው ንፍጡም ወፍራም ነው። ከዚህ ሁሉ ጋር ሲታገል የኖረው የሲስቲክ ፋይብሮሲስ፣ ማለትም የሳንባን ንፍጥ የሚያወፍር የዘር በሽታ፣ ምርምር ነው። ያ በሽታ የሚመጣው ከአንድ ጂን ብቻ ነው፤ ጂኑ በ1989 ታወቀ፣ በ1993 በሰው ላይ ተሞከረ። በ2015 ውጤቱ ይፋ በሆነ የብሪታኒያ ሙከራ፣ ታማሚዎች በየወሩ ለአንድ ዓመት ሲስቡት ቆይተው ያገኙት ጥቅም መጠነኛ ነበር። የአንድ ጂን በሽታ እንዲህ ካስቸገረ የመቶው ምን ሊሆን ነው?

«ከጂን ጋር የተያያዘ ሕክምና ሁሉ ዘረ መልን ይለውጣል።» ሁልጊዜ አይደለም። በ2015 ውጤቱ በታተመ የጀርመን ሙከራ፣ ቀላል የአለርጂ አስም ያለባቸው 40 ሰዎች ተሳትፈዋል። መድኃኒቱ በየቀኑ ለ28 ቀናት የሚሳብ ነበር። የሚቆርጠው ዘረ መሉን ሳይሆን ከዘረ መሉ የተቀዳውን፣ አለርጂ አነሳሽ ፕሮቲን የሚያሠራውን መልእክት ነው። አለርጂ የሚያስነሳው ነገር ሲሰጣቸው፣ ከሰዓታት በኋላ የሚመጣው የቧንቧ መጥበብ በሲሶ ያህል ቀነሰ። ገበያ ላይ ግን አልዋለም።

እናትየዋ በመጨረሻ «ኢንሄለርስ ሱስ አያስይዝም?» አሉኝ። አያስይዝም። ለልጃቸው የታዘዘው ቤክሎሜታዞን የቧንቧውን ቁጣ የሚያበርድ ነው፤ የሚጠቅመውም ደህና በሆነበት ቀን ጭምር ሲወሰድ ነው። ልጁን «እስቲ አሳየኝ» አልኩት። ሳይንጠው አፉ ላይ ደቅኖ ተጫነው፤ ሲስብ ዘገየ፤ መድኃኒቱ ምላሱ ላይ ቀረ። ንጠው፣ አየሩን ቀስ ብለህ አውጣ፣ መሳብ ስትጀምር ተጫነው፣ አሥር እስኪቆጠር ትንፋሽህን ያዝ፣ ከዚያ አፍህን ተጉመጥመጥ። በሦስተኛው ሙከራ ተሳካለት።